የአውቶሞቢል የፍሬን ሸራ ስንት ጊዜ ይቆያል?

በዚህ በቤተ ሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ማዕድ ቤት ንጽሕና፣ ስለ እንግዳ አቀባበልና ይህን ስለ መሰለው ሁሉ ስንጽፍ መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ነገራችን ከማዕድ ቤት ወጥቶ አውቶሞቢሉ ወደ ቆመበት ጥላ ሥር ይሄዳል። ይህ ከዓምዱ ሥርዓት መውጣት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ባልና ሚስት፣ ልጆችና አያት ባንድነት ተቀምጠው የሚሄዱበት ነገር ከቤት ዕቃ ሁሉ ይልቅ የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን እንዲያስብልን እንለምናለን።

ነገሩን ያነሣንበት ምክንያት በባሕር ዳር ከተማ ከሚኖሩ አንድ አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኒህ ሰው በጥር ወር ሴት ልጃቸውን በአዲስ አበባ ይድራሉ፤ ወደዚያም ከነቤተ ሰባቸው በገዛ መኪናቸው ለመሄድ አስበዋል፤ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው እናታቸውም ካልሄድሁ ብለዋል። የመኪናውን ፍሬን ያየው ባለሙያ «ሸራው ገና ብዙ አለው» ብሎ አሰናበታቸው። ጸሓፊው ግን ቤታቸው ከገቡ በኋላ ልባቸው አላርፍ ቢላቸው «ብዙ ማለት ስንት ነው? በወር ነው ወይስ በኪሎ ሜትር የሚቈጠረው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው የሚገባ ነው። በወር ወይስ በኪሎ ሜትር ለሚለው መልሳችን፣ በሁለቱም አይደለም የሚል ነው፤ ምክንያቱን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ፍሬን የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ በኢጣልያ ቋንቋ ፍሬኖ፣ በፈረንሳይ ቋንቋ ፍሬን ይባላል፤ የሁለቱም ሥር የላቲን ቃል ሆኖ ትርጓሜው የፈረስ ልጓም ማለት ነው። ስለዚህ አባቶቻችን በበቅሎ አፍ ያገቡት የነበረውን ብረት እኛ በመንኰራኵር ላይ አሰርነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሸራ መባሉም ያለ ምክንያት አይመስለንም። በእንግሊዝ አገር ሄርበርት ፍሩድ የተባለው ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1897 ዓመት የጀመረው ሥራ፣ በኋላም ፌሮዶ በሚለው ስም የታወቀው፣ በመጀመሪያ የሠረገላና የአውቶሞቢል ፍሬን የሚለብሰውን ነገር ከክር እየሸመነ ያወጣ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ነገሩ በእውነት ሸራ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ የምንገዛው ግን ሽመና አይደለም። የብረት ደቃቅ፣ የካርቦን ዱቄት፣ ሙጫና ሌላም ብዙ ነገር ባንድነት ተደባልቆ፣ ተጠቅጥቆና በብርቱ ሙቀት ተጋግሮ በብረት ሳሕን ላይ የተጣበቀ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ነጂው መርገጫውን በረገጠ ጊዜ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ ሁለቱን ሸራዎች ከግራና ከቀኝ በሚዞረው ዲስክ ላይ ያጣብቃቸዋል። ዲስኩ ሲፋተግ መኪናው ይዘገያል፤ የመኪናውም ሩጫ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሸራው በእያንዳንዱ መርገጥ ጥቂት በጥቂት ይፈጫል፤ የተፈጨውም ጥቁር ትቢያ ሆኖ በቸርኬው ላይ ይታያል። በብዙ መኪኖች ዘንድ የኋላው እግር በዲስክ ፈንታ ታምቡር የሚባለው ክብ ብረት አለው፤ በውስጡ ያለው ሸራም ከፊተኛው ይልቅ ረዥም ጊዜ ይኖራል፤ ምክንያቱም መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዘነበል አብዛኛውን ድካም የሚሸከመው የፊቱ ፍሬን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሸራ ስንል የፊተኛውን ማለታችን ነው።

አዲስ ሸራ ያለ ጀርባ ብረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ይለወጥ ይላሉ ብዙዎቹ ባለሙያዎች። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከዚያም በታች እንዲወርድ ይፈቅዳሉ፤ እኛ ግን በዚህ በተራራና በገደል አገር የፋብሪካውን የመጨረሻ ፈቃድ መጠቀም አይገባም ባዮች ነን። እንግዲህ ለመፈጨት የተፈቀደልን ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ቢሉ፣ በዓለም ላይ ያሉ መካኒኮች ከ40,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር እያሉ ይመልሳሉ። ከአርባ እስከ መቶ የሚል መልስ ግን ለቤተ ሰብ አለቃ ምን ይጠቅመዋል? «ሠርጉ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይሆናል» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የገዛ መኪናውን መለካት ያስፈልገዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ከቆመና ኋለኛው ጎማ በድንጋይ ከታገደ በኋላ፣ የፊቱ እግር በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ይወልቃል። በቸርኬው ቀዳዳ በኩል በባትሪ መብራት አጮልቆ ማየትም ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ የሚታየው የውጭው ሸራ ብቻ ስለ ሆነ አናምነውም። ከዚያ በኋላ በልጆች ማስመሪያ ወይም በመካኒክ መለኪያ የሸራው ውፍረት ይለካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ሸራው የተጣበቀበትን የጀርባ ብረት አብሮ ይለካል። ብረቱ ለብቻው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ሸራው አልቆ ሳለ ገና ሰባትና ስምንት ሚሊ ሜትር አለው የሚል ከንቱ ተስፋ ያሳድርበታል። የሚለካው የሚፈጨው ብቻ ነው። ደግሞም በዚያ ያለውን ጥቁር ትቢያ በአፍ እፍ ማለት ወይም ልጆችን አጠገብ ማስቆም አይገባም፤ በቀድሞ ዘመን ሸራው አስቤስቶስ የሚባለውን ሳንባ የሚጎዳ ነገር ይቀላቀልበት ነበር፤ የተከለከለበት አገር ብዙ ቢሆንም በአሮጌ መኪና ላይ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን መጣል ይሻላል።

የውስጡንና የውጭውን ሸራ ለይቶ የመለካቱን ነገር አጥብቀን የምንናገረው በገዛ ራሳችን ስለ ደረሰ ነው። በ2009 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ፣ ከመነሣታችን በፊት መኪናችንን ለአንድ ባለሙያ አሳይተን ነበር። ወጣቱ በቸርኬው ቀዳዳ አይቶ «ጋሼ፣ ገና ወፍራም ነው፤ ዓመት ያስኬድዎታል» አለን፤ እኛም ደስ ብሎን ተነሣን። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ጀምረን ግማሹን ከወረድን በኋላ ከቀኝ እግር የሚፋጭ ድምፅ ተነሣ። ከኋላ የተቀመጡት የባለቤታችን እናት «ልጄ፣ ወፍጮ ቤት የገባን መሰለኝ» አሉ፤ ነገሩ እንደ ቀልድ ቢሆንም ትክክለኛ ስሙን የሰጡት እርሳቸው ነበሩ። መርገጫውን ብንረግጥ መኪናው ወደ ግራ ይጎትት ጀመር። በማርሽ እየያዝን ጥግ አስይዘን ስናቆም፣ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ወርዶ ድንጋይ አስገባልን፤ ተንበርክኮም ካየ በኋላ «ወንድሜ፣ የውጩ አለ፤ የውስጡ ግን ብረት ከብረት ነው የቀረው» አለን። አሮጊቷን በግራር ጥላ ሥር አስቀምጠን መካኒክ ከደጀን እስኪመጣ አራት ሰዓት ቆየን። የበረሃው ሙቀት እንዴት እንደ ነበረ አንናገርም። ነገሩ የሆነው ፍሬኑን የሚጨብጠው ብረት እንደ ልቡ የሚንሸራተትበት ቀጭን ዘንግ ዝጎ ስለ ተያዘ፣ አንዱ ሸራ ብቻውን ሲሠራ ሌላው ያለ ሥራ በመቆየቱ ነው። ወጣቱ ያየውን እውነት ተናገረ፤ ያላየውን ግን አብሮ ገመተ።

ስለዚህ ለአንባቢያችን መልሰን ጽፈን ጎማው ወልቆ አራቱም የፊት ሸራዎች ተለክተው ቍጥሩ እንዲላክልን ለመንናቸው፤ እርሳቸውም በትጋት አድርገው ላኩልን። ሸራው 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ የገባው የኪሎ ሜትር ቈጣሪው 61,000 ላይ ሳለ ነው፤ ዛሬ ቈጣሪው 81,000 ይላል። የውጩ ሸራ በሁለቱም እግር 7 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጡ ግን በግራ 6፣ በቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ እንቈጥር። በውጩ ሸራ ብንሄድ በ20,000 ኪሎ ሜትር 4 ሚሊ ሜትር ተበልቷል፤ ይህም ለአንድ ሚሊ ሜትር 5,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ገና 4 ሚሊ ሜትር ስላለ 20,000 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ባለሙያው «ብዙ አለው» ያለው ይህን ቢያስብ ነው። በቀኙ የውስጥ ሸራ ስንቈጥር ግን በዚያው መንገድ 6 ሚሊ ሜትር ተበልቷል፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር ከ3,300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የቀረው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ 6,600 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሃያ ሺሁ ወደ አንድ ሦስተኛው ወረደ። ሁልጊዜም የሚቈጠረው በቀጭኑ ነው፤ ሰንሰለት የሚበጠሰው ከቀጭኑ ቀለበት ላይ እንደ ሆነ ሁሉ።

ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ስለ ሆነ፣ 6,600 ለዚህ ጕዞ ስድስት ጊዜ ያህል ይበቃል ብሎ የሚደሰት ሰው ይኖር ይሆናል። የሒሳቡ ስሕተት ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። እመቤቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በሁዳዴ ጾም ወራት በቤት ውስጥ የፈጀውን ቅቤ መዝግቦ «የዚህ ቤት የወር ቅቤ ይህን ያህል ነው» ብሎ ለፋሲካ የሚገዛ ሰው ቢኖር ምን ይባላል? አንባቢያችን የሄዱት 20,000 ኪሎ ሜትር ከሞላ ጐደል ሁሉም ጾም ነበረ። በባሕር ዳር ከተማ ነዋ! ያች ከተማ ከጣና ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋች ናት። ከዘንባባዎቹ ሥር እስከ አየር ማረፊያው፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ወዲያና ወዲህ ቢመላለሱ፣ ወደ ቤዛዊት ኰረብታ ከመውጣት በቀር ቁልቁለት የሚባል ነገር አይገኝም። ፍሬን የሚያስረግጠው ባጃጅና ብስክሌት ብቻ ነው፤ እርሱም በርግጥ ጥቂት አይደለም። አንባቢያችን በነዚያ ዓመታት ዓባይን የተሻገሩት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ራሳቸው ጽፈውልናል።

ዓባይ በረሃ ምን እንደሚጠይቅ በቍጥር እናሳይ። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር በሚያህል ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከጎሐ ጽዮን በኩልም እንዲሁ ነው። በድልድዩ በኩል ያለው መንገድ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል፤ ቁልቁለቱ ግን እንደ ጥንቱ ቁልቁለት ነው። መኪናው ከነተሳፋሪውና ከነጓዙ 2 ቶን ቢመዝን፣ ከአፋፍ እስከ ድልድዩ የሚወርደው ኃይል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ ፍጥነት ከ90 ጊዜ በላይ ፈጽሞ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ይህንኑ በማዕድ ቤት ቋንቋ ብንናገረው፣ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 80 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል፤ ይህም አራት ትልልቅ እንስራ ሙሉ ውኃ መሆኑ ነው። ከነፋሱና ከመንገዱ ጋር በመታገል ጥቂቱ ይጠፋል፤ የቀረውን ግን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ሊሸከመው ግድ ነው። ነጂው ማርሹን በአራትና በአምስት አድርጎ መርገጫውን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ፣ አራቱን እንስራ የሚያፈላው ያ እንደ ጣት ቀጭን የሆነው ሸራ ይሆናል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ቢወርድ ግን ሞተሩ አብዛኛውን ይሸከምለታል። አንድና ያው መኪና፣ አንድና ያው ቁልቁለት ሆኖ ሳለ፣ የሸራው ዕድሜ በነጂው ቀኝ እጅ ላይ የሚለያየው ስለዚህ ነው። በኪሎ ሜትርም በወርም አይቈጠርም ያልነው ይህንን ነው። በባሕር ዳርና በዙሪያው የሚኖር ሰው ሊቈጥረው የሚገባ የወረዳቸውን ቁልቁለቶች ነው፤ ዓባይን ስንት ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ከ800 ሜትር በላይ የሚወርደውን መንገድ ስንት ጊዜ፣ ከጎንደርም አልፎ የሄደ ከሆነ ሊማሊሞን ስንት ጊዜ። በመኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር አስቀምጦ ይህን መጻፍ የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥራ ይወዳሉ።

ደብረ ታቦርን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይሆንልንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄድ፣ መንገዱ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። ዳገቱን በብዙ መቶ ሰው ትከሻ ተወጣ ሲባል እንሰማለን፤ ስለ ቁልቁለቱ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በጅጣና በበሽሎ ገደል ያን የመሰለ ብረት እንዳይንከባለል ወደ ኋላ የሚይዘው ከሰው ክንድና ከጠፍር በቀር ምን ነበረ? ከመጐተቱ ይልቅ መያዙ ሳይከብድ አልቀረም ብለን እናስባለን።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ሸራ እየቀጠነ ሲሄድ አበላሉ በዚያው ልክ አይቀጥልም፤ ይፈጥናል። ወፍራም ሸራ ሙቀቱን በውስጡ ተሸክሞ ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ የቀጠነ ሸራ ግን ቶሎ ይግላል፤ የጋለ ሸራም ቶሎ ይፈጫል፤ ከዚህም አልፎ እጅግ ሲግል መያዙን ይተዋል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትሮች ከመጀመሪያዎቹ ጋር እኩል ኪሎ ሜትር ይሰጡናል ብሎ ማመን አይገባም፤ በሒሳብ ከወጣው ላይ ሲሶውን ቀንሶ መያዝ የእኛ ልማድ ነው።

አንባቢያችን ያልጠየቁንን፣ ነገር ግን ከሸራው ይልቅ ያሳሰበንን ነገር አሁን እንናገራለን። በሁለተኛው ደብዳቤያቸው መኪናውን ከገዙ አራት ዓመት እንደ ሆናቸውና የፍሬኑ ዘይት ተለውጦ እንደማያውቅ ጨምረው ነግረውናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው፤ በሐይቅ ዳር ደግሞ፣ ይልቁንም በክረምት፣ እርጥበት አይጠፋም። አዲስ የሆነው ዶት 4 የሚባለው ዘይት ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ዶት 3 የተባለውም ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ በቧንቧው ውስጥ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት የሚጨመቅ ስለ ሆነ መርገጫው ያለ ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ሸራው አዲስ ቢሆን እንኳ ምንም አይረዳም። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይገባል። በኮፈኑ ሥር ያለው የፍሬን ዘይት ዕቃ ጥቂት ጐድሎ ቢታይ ግን ወዲያው መጨመር አይገባም፤ ሸራው ሲበላ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚከተለው መጕደሉ ራሱ የሸራውን መበላት የሚያስታውቅ ምልክት ነው። በድንገት ቢጐድል ግን ማፍሰስ ይኖራልና ሳይታይ መንዳት አያስፈልግም።

በብዙ ሸራዎች ላይ ወሰኑ ሲደርስ ዲስኩን እየነካ የሚያፏጭ ቀጭን ብረት ተተክሏል። ፉጨቱን የሰማ ሰው ገና ጊዜ አለው፤ የመፋጨት ድምፅ የሰማ ግን ጊዜው አልፎበታል፤ ዲስኩንም አብሮ ይገዛል። ከዝናብ ማግስት ጠዋት መኪናው ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ግን ሌሊት በዲስኩ ላይ ያደረው ዝገት ሲጠረግ ነውና አያስደነግጥም። ጠጠርና አቧራ በበዛበት መንገድ ደጋግሞ የሚመላለስ ሰው፣ አሸዋው በሸራውና በዲስኩ መካከል እየገባ እንደ ሞረድ ስለሚፍቀው፣ ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ስለ ሆነ፣ ስለ እነርሱም አንድ ቃል። እነዚህ መኪኖች ሲዘገዩ ሞተራቸው ወደ ኋላ ዞሮ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ፍሬናቸው እምብዛም አይደክምም፤ ሸራቸውም ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ ዘመን ይኖራል። ይሁን እንጂ በደጀን አፋፍ ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ የሚወርድ ሰው ይጠንቀቅ፤ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ስለማይቀበል ድካሙ ሁሉ ወደ ሸራው ይመለሳል። ጥቂት ጐደል አድርጎ መውረድ ይበጃል፤ በረሃው በነጻ ይሞላለታልና።

አሁን ለአንባቢያችን መልሳችንን እንስጥ። ባለሙያው ስለ ውጩ ሸራ የተናገረው ልክ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ የጠየቁት ስለ ባሕር ዳር ጎዳና ሳይሆን እናትዎን ይዘው ስለሚወርዱበት ስለ ዓባይ ነው። የቀኙ የውስጥ ሸራ ለብቻው መበላቱ ዘንጉ እየተያዘ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ በሒሳባችን ያገኘነውን 6,600 ኪሎ ሜትር እኛ ራሳችን አናምነውም፤ የተያዘ ዘንግ ነገ ምን ያህል እንደሚበላ አይታወቅም። ዘንጎቹ ይውጡ፣ ይጽዱ፣ ለዚሁ በተሠራው ቅባት ይቀቡ፤ እግረ መንገዱንም አራቱ የፊት ሸራዎች ባንድነት ይለወጡ፤ ያንዱን እግር ብቻ መለወጥ መኪናውን ወደ አንድ ወገን ያስጐትተዋል። ዘይቱ ፈጽሞ ወጥቶ በአዲስ ይተካ። ሁሉም ከጕዞው ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይደረግ እንጂ በዋዜማው አይሁን፤ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪለማመድ ድረስ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በለስላሳ አረጋገጥ መነዳት አለበት። እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዘው ጢስ ዓባይ ደርሰው ቢመለሱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛሉ፤ ልጆቹም ፏፏቴውን ያያሉ።

በጕዞው ቀን ደጀን ላይ ቆም ብለው እናትዎ ጥቂት ይረፉ፤ ፍሬኑም ይብረድ። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ይጀምሩ፤ ዳገቱን በየትኛው ማርሽ ይወጡት እንደ ነበር አስበው በዚያው ይውረዱ። መርገጫውን ሳያነሡ ረጅም ጊዜ ከመጫን፣ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልሶ መልቀቅ ሸራውን ያሳርፈዋል። ከኋላ የሚጣደፍ ቢኖር ጥግ ይዘው ያሳልፉት። ሲመለሱ ደግሞ ጎሐ ጽዮን ላይ እንዲሁ ያድርጉ፤ ባሕር ዳር ከገቡም በኋላ አዲሶቹን ሸራዎች ለክተው ቍጥሩን ቢልኩልን፣ አንድ የዓባይ ደርሶ መልስ ጕዞ ስንት አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንደሚበላ ለሌሎቹ አንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ስለ ጎማ የጠየቁንን ሁለተኛውን ጥያቄ ለሚመጣው ሳምንት አቈይተነዋል።